ትናንት ላሸነፍኩት ሰው ዛሬ ካርታ አድላለሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ካዚኖ የፖከር ዲለር (ካርታ አዳይ) ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። ቤቱ ከሥራ ሰዓት ውጪ እንድንጫወት ይፈቅድልናል። ዩኒፎርም ማውለቅና ባጅ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብን። እኔም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሺፍቴ ሲያልቅ እቀመጣለሁ። ባለፈው ሰኞ ከቋሚ ደንበኞቻችን አንዱ ላይ ሁለት ትልልቅ ፖት (መሃል ላይ የተሰበሰበ መደብ) ወሰድኩበት። ማክሰኞ እሱ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ተመደብኩ። ካርታ በሰጠሁት ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል። ምንም አላለኝም፤ ጉርሻ መስጠት ግን አቁሟል። ፖከር ከቤቱ ጋር የሚደረግ ጨዋታ አይደለም፤ ተጫዋች ከተጫዋች ነው። አላጭበረበርኩም። ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? እባክዎ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላጭበረበርክም። አምንሃለሁ። ግን በምትሠራበት ቤት መጫወትህን ተው። ይህን የምልህ እኔም ዲለር ሆኜ 9 ዓመት ስለሠራሁና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ልክ እንዳንተ ስላደረግኩ ነው።

ፖከር ከቤቱ ጋር አይደለም ያልከው እውነት ነው። ብላክ ጃክ ወይም ሩሌት የሚጫወት ሰው የሚገጥመው ቤቱን ነው። ፖከር ላይ ቤቱ ከየፖቱ ትንሽ ድርሻ ይቆርጣል፣ ወይም በሰዓት ያስከፍላል። ማን በላ፣ ማን ተበላ አይመለከተውም። አንዳንድ ካዚኖዎች ሠራተኛውን ከሌላው ጨዋታ ከልክለው ፖከር የሚፈቅዱለት ለዚህ ነው። ለእኔ ግን ነገሩ የሚከፋው እዚሁ ላይ ነው። ብላክ ጃክ ላይ ብታሸንፍ የምትወስደው የቤቱን ገንዘብ ነው። ፖከር ላይ የምትወስደው ግን ነገ ፊትህ የሚቀመጠውን፣ ጉርሻ የሚሰጥህን ሰው ገንዘብ ነው።

የእኔን ልንገርህ። አንድ ሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ ተቀመጥኩ። ካርታ የምታድለው የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። እጄ ላይ ሁለት ንግሥት ነበረኝ። ከፊት ለፊቴ ያለው ደንበኛ ሁለት ንጉሥ ይዟል። ሁለታችንም ያለንን ሁሉ አስገብተን ካርታችንን ገልጠናል። መሃል ላይ ለሁላችንም የሚያገለግል አራት ካርታ ወጥቷል፤ አንድ ቀርቷል። ካልታዩት 44 ካርታዎች ውስጥ የሚያድኑኝ የቀሩት 2 ንግሥቶች ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ካርታ ንግሥት ሆና ወጣች።

ሰውየው ንግሥቷን አላያትም። መጀመሪያ ያየው የባልደረባዬን እጅ ነው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ባዶ ቦታውን በመዳፉ ጠረገና ተነሣ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የእሷ ተራ አልቆ ሌላ ዲለር ሊተካት መጣ። እንደ ወጉ እጇን አጨብጭባ መዳፏን ወደ ላይ ለካሜራው ገለጠች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ምንም ያጠፋችው ነገር የለም። በማግስቱ ቪዲዮው ታየ፤ አበዋወዟም፣ እደላዋም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ደንበኛው ግን ተመልሶ አልመጣም። ባልደረባዬም ለብዙ ሳምንት እኔ ካለሁበት ጠረጴዛ እንዳይመድቧት ትለምን ነበር። ያቺ ልጅ በእኔ ምክንያት ያልሠራችውን ተሸክማ ከረመች። ዛሬም ይቆጨኛል።

ጓደኛሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። አብሮህ የሚሠራ ልጅ ላይ ጠንክረህ መደብ ማስያዝ ይከብድሃል። ትተውለታለህ፣ ይተውልሃል። ሳትነጋገሩ የምትረዳዱት ነገር ነው። ለሌሎቹ ተጫዋቾች ግን ያው ተመሳጥሮ መጫወት ነው። የጨዋታው ሕግም እንደዚያ ያየዋል።

አሁን ወደ ደንበኛህ ልመለስ። ቀና ብሎ ሲያይህ ምን እያሰበ ይመስልሃል? ካርታ ሰርቆኛል እያለ ላይሆን ይችላል። ፖከር ዲለር በሰዓት 30 ገደማ ዙር ካርታ ያድላል። 8 ወር ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ሆነህ የዚህን ሰው እጅ ስታይ ኖረሃል። ባዶ እጁን ይዞ ሲያስፈራራ ቺፖቹን (የመጫወቻ ገንዘቦቹን) እንዴት እንደሚደረድር ታውቃለህ። ጥሩ ካርታ ሲገባለት ድንገት ዝም እንደሚል ታውቃለህ። ሲሸነፍ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያብድና ዝም ብሎ ገንዘብ መወርወር እንደሚጀምር ታውቃለህ። ይህን ሁሉ ያወቅከው ደመወዝ እየተከፈለህ ነው፤ እሱም ያሳየህ ዲለር ስለሆንክ ነው። ዲለርን ተጫዋች አይደበቅም። ሰኞ ማታ ዩኒፎርሙን አወለቅክ እንጂ የምታውቀውን አላወለቅክም። ሰውየው የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ቢከፋውም አልፈርድበትም።

አለቆች ይህን የማያውቁ አይምሰልህ። በአሜሪካ የኒው ጀርዚ ግዛት ሕግ ዲለሮች፣ የወለል ተቆጣጣሪዎችና የካሜራ ክፍል ሠራተኞች በሚሠሩበት ካዚኖ ቁማር እንዳይጫወቱ ይከለክላል። ሥራ የለቀቀ ሰው እንኳ 30 ቀን መጠበቅ አለበት። ሌላ ቦታ ደግሞ ውሳኔው ለቤቱ የተተወ ነው። በኔቫዳ ሕግ የሚታወቅ ሌላ ዓይነት ሠራተኛም አለ፤ ጠረጴዛ እንዳይጎድል ቤቱ ቋሚ ክፍያ እየሰጠው በራሱ ገንዘብ የሚጫወት፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የራሱ የሆነ። ፕሮፕ ይባላል። መጫወት የምር የምትፈልግ ከሆነ እሱ ሥራ ነው፤ ከዲለርነት ጋር ግን አታዳብለው።

የውስጥ ሰው ሲጫወት ምን ያህል ሊበላሽ እንደሚችል በኢንተርኔት ፖከር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 አብሶሉት ፖከር የተባለው ድረ ገጽ ላይ አንድ አካውንት የሁሉንም ካርታ እያየ ይጫወት ነበር። የተጋለጠው በአንድ ውድድር ሁለተኛ የወጣ ተጫዋች የጨዋታውን መዝገብ ጠይቆ የሁሉም ካርታ ያለበት ፋይል ስለተላከለት ነው። ዱካው ወደ ድርጅቱ ሰዎች አመራ። አንተን ከእነሱ ጋር አላመሳስልህም፤ በፍጹም። ደንበኞች ግን እንዲህ ያለ ወሬ ሰምተዋል፤ የቤት ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲያዩ የሚታወሳቸው እሱ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ጉርሻህን በኪስህ ይዘህ፣ ደክሞህ፣ ሥራ በጨረስክ በ10 ደቂቃ ውስጥ መቀመጥ ጥሩ እንዳልሆነ ራስህ ታውቃለህ። ከድካም ጋር ፖከር የለም።

ፖከር ከወደድክ ሌላ ቤት ሄደህ ተጫወት። እዚያ ማንም አያውቅህም፤ አንተም ማንንም አታውቅም። ከመሄድህ በፊት ግን የቅጥር ውልህን አንብብ፤ የአንድ ባለቤት ቤቶች ከሆኑ ክልከላው እዚያም ሊከተልህ ይችላል። ቤታችሁ የጃክፖት ሽልማት ካለውም ሠራተኛ ይካፈል አይካፈል አሁኑኑ ጠይቅ። አለቃህ “ችግር የለም” ካለህ በጽሑፍ ተቀበል። ነገር ሲነሣ የቃል ፈቃድ አያድንህም።

ለደንበኛህ ደግሞ ምንም ማብራሪያ አትስጥ። አላጭበረበርኩም ብትለው ጭራሽ ያላሰበውን ታሳስበዋለህ። ለተቆጣጣሪህ እውነቱን ንገረውና ለጥቂት ቀን ከእሱ ጠረጴዛ እንዲያነሣህ ጠይቀው። ስትመለስ ሰላም በለው፣ በውዝ፣ አድል። ሺፍትህ ሲያልቅ እሱ እያየህ ጃኬትህን ልበስና ወደ ቤትህ ሂድ።