በነቢያት ጾም ወደ በረዶ ተራራ ብንሄድስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። የወንድሜ ሚስት አሜሪካዊት ናት። ቤተሰቦቿ በየዓመቱ ብሬክንሪጅ የሚባለው የስኪ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ዲሴምበር 25ን እዚያ ያከብራሉ። ዘንድሮ እኛንም ጠርተውናል፤ ከዲሴምበር 22 እስከ 27 ነው። ልጆቼ የ12 እና የ8 ዓመት ናቸው፤ ከሰሙ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። ከአገር ቤት የመጡት እናቴ ግን «በነቢያት ጾም በረዶ ላይ መንሸራተት ምን የሚሉት ነው? የፈረንጁን ገና ስታከብሩ የራሳችሁን ልትረሱት ነው» ብለው ተቆጥተዋል። ብንሄድ ኃጢአት ነው? ከማዕዳቸው ብንቀርብስ? ልጆቹስ በዚያ ብርድ ይጹሙ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሂዱ። መሄዱ ኃጢአት የለበትም። እናትሽ ግን በሁለተኛው ነገር እውነት አላቸው፤ እሱን ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቀኑ። ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው (በዘመነ ዮሐንስ በአንድ ቀን ይዛነፋል)። ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ልደት ዋዜማ ስለሚዘልቅ ያ ቀን ለእነሱ በዓል፣ ለእናንተ ጾም ነው። ይህ የቀን አቆጣጠር ልዩነት ነው እንጂ እነሱ በሌላ ክርስቶስ ስላመኑ የመጣ አይደለም። የድሮው የጁልያን አቆጣጠር ዛሬ ከግሪጎርዮሱ 13 ቀን ወደ ኋላ ስለቀረ ግብፆችና ሩሲያዎችም እንደ እኛ ጃንዋሪ 7 ያከብራሉ፤ ግሪኮቹ ደግሞ ኦርቶዶክስ ሆነው ሳለ በዓላቸው ዲሴምበር 25 ነው። ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» ብትሏቸው፣ ስጦታ ብትሰጡና ብትቀበሉ ሃይማኖታችሁን አልካዳችሁም። ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ከጋበዟችሁ ቁርባናቸውን አትቀበሉም። ይህን ታውቂዋለሽ፣ አላረዝመውም።

ስኪውስ? ጌታ ስትጾሙ እንደ ግብዞች አትጠውልጉ ነው ያለው። ጾም ፊት ማጥቆር አይደለም። አባቶቻችንም ለዚህ በዓል የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው፤ ገናን እያሰቡ ዱላ ይዞ ጥንግ ሲያሳድዱ መዋል፣ ያውም ጌታና ሎሌ ሳይባባሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚሁ ነው። ስኪ የፈረንጅ ብቻ ነው ለሚሉም ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። እንግዲህ መንሸራተቱ ላይ ችግር የለብኝም። የሚያሳስበኝ ማታ ማታ ያለው ነው፤ መጠጡ፣ ሙቅ ውኃ ገንዳው፣ እስከ ውድቅት የሚዘልቀው ፈንጠዝያ። ቀኑን ሙሉ ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ ማታ መጠጥ ላይ መዘፈቅ ምኑ ጾም ነው?

አሁን ወደ ማዕዱ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ እምነቱን ክዶ ሳይሆን ይሉኝታ ይዞት። ገበታው ላይ ቱርክ፣ ሃም፣ በቅቤ የራሰ ድንች ይቀርባል፤ የቤቱ እናት ከጠዋት ጀምራ ስትደክም ስለዋለች «አልበላም» ማለት ይከብዳል፤ ከዚያ «አንድ ቀን ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይባላል። እግዚአብሔርማ ያውቃል። የማታውቀው ጋባዥሽ ናት፤ አስቀድመሽ አልነገርሻትማ። ስለዚህ ገና ሳትሄዱ ደውይላት። «ይህ ወቅት ለእኛ ጾም ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አንበላም፤ የራሳችንን ይዘን እንመጣለን፣ ለእናንተም እንሠራለን» በያት። «ቪጋን ነን» ብሎ መገላገል ይቀላል፣ አውቃለሁ። ግን ልጆችሽ አጠገብሽ ቆመው ይሰማሉ፤ እናታቸው ጾሟን በስሟ ለመጥራት ስታፍር ባያዩ እመርጣለሁ። «በስውር ጹሙ አልተባለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። የተባለውማ ለሰው ታይታ ብሎ ለሚጾም ነው። ለምግብ ዝግጅት ብሎ ለባለቤቲቱ ማሳወቅ ታይታ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። የዓሣውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ የንስሐ አባትሽ ያሉሽን ያዢ።

ስንቁን በደንብ አስቢበት። እንጀራውን ከአውሮራ ይዘሽ ውጪ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ። በሶ አትርሺ፤ ተራራ ላይ እንደ በሶ ያለ የለም። ምስሩን ደግሞ ከማታው ዘፍዝፊው፣ ከተማው 2,900 ሜትር ላይ ስለሆነ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላና ቶሎ አይበስልልሽም። ደብረ ብርሃን ላይ ወጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ብሬክንሪጅ ከእሷም ይበልጣል። አንዱ ሊፍት እንዲያውም ከ3,900 ሜትር በላይ ያወጣል።

ይህ ከፍታ ወደ ልጆቹ ያመጣናል። በልማዳችን ልጅ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ጾም ይለማመዳል፤ ስለዚህ ሁለቱም የጾም ምግብ ይብሉ። ሰዓት ጨምሮ እስከ 9 መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። የ8 ዓመት ልጅ በዚያ ብርድና በዚያ ስስ አየር ቀኑን ሙሉ ሲንከላወስ ሊውል ነው፤ ጠዋት አጥግበሽ አብይው፣ ውኃም ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። የ12 ዓመቱን የንስሐ አባታችሁ ይወስኑ፤ እኔ ብሆን በእነዚያ ቀናት ሰዓት አላስጠብቀውም። አንቺና ባለቤትሽ የምትችሉ ከሆነ ጹሙ፤ ሊፍቱም የሚቆመው ወደ 10 ሰዓት ግድም ስለሆነ 9 ሰዓት ላይ ወርዶ ስንቅ መፍታት ብዙ ጨዋታ አያስቀርም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ግን የከፍታ ሕመም ይዞት ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሳይል ይብላ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ካልተሻለውም ወደ ዝቅታ ይውረድ። ጾም ለታመመ አይደለም።

እናትሽ ያሉት ሁለተኛው ነገር። «የራሳችሁን ልትረሱት ነው» ያሉት ይቆረቁረኛል፤ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የማየው ነውና። ልጆቹ ዲሴምበር ላይ ዛፉን፣ ስጦታውን፣ የአጎት ልጆቹን፣ በረዶውን ያገኛሉ። ጃንዋሪ 7 ሲመጣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ አባት ሥራ ነው፣ እናት ሌሊቱን ቅዳሴ ቆማ በእንቅልፍ ዓይኗ ወደ ሥራ ትሮጣለች፣ ዶሮው «ለቅዳሜ ይሁን» ይባላል። ታዲያ ልጁ የትኛውን ገና ይውደድ? ተራራውን ከልክለሽ ይህን አታስተካክዪውም። ልጁ ጾምን ወቃሽ፣ ደስታ ነጣቂ አድርጎ ይይዛታል፣ በቃ። የሚያስተካክለው የጃንዋሪ 7ን ቀን ሙሉ ለሙሉ መስጠት ነው። ልጆቹን ዋዜማው ማታ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ቢተኙ ምንጣፉ ላይ ይተኙ። ነጠላቸውን ልበሱ፣ ዶሮው በዕለቱ ይሠራ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ልደት ይበላል። የላሊበላን ቤዛ ኩሉ በቪዲዮ አሳዪያቸው፤ ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ገደሉ ላይ ቆመው ሲያሸበሽቡ ያየ ልጅ የእኛ ገና ደባሪ ነው አይልም።

በመሀል ደግሞ ዲሴምበር 28 አለ። ታኅሣሥ 19፣ ቅዱስ ገብርኤል። 27 ስለምትመለሱ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ይዘሻቸው ግቢ። ጾሙ አይፈታም፣ በዓሉ ግን ደማቅ ነው። ሦስቱ ልጆች እሳት ውስጥ ሆነው ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ ውርጩንና በረዶውንም ጠርተዋል፤ ትናንት በረዶ ላይ ሲንከባለሉ ለነበሩ ልጆች ይህን ንገሪያቸው፣ ከእኔ ስብከት በላይ ይገባቸዋል። በጉዞው መሀል እሑድ ካለ ከዴንቨር አካባቢ ሁለት ሰዓት ያህል ነውና ለቅዳሴ መውረድ ይቻላል፤ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወዲህ ያለው የመኪና ሰልፍ ግን ያማርራልና በጠዋት ተነሡ።

እናትሽን ብቻቸውን ትተሽ አትሂጂ። መምጣት ከፈለጉ ደም ግፊትና ልብ ካለባቸው ስለ ከፍታው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ካልፈለጉ የሚያድርላቸው ሰው ፈልጊ። «የጃንዋሪውን ገና ሁላችንም ከእርስዎ ጋር ቤተ ክርስቲያን እናድራለን፣ የዛሬውን መርቁን» በያቸው፤ ቃልሽን የምትጠብቂ መሆንሽን ካዩ ይመርቁሻል።

የሥራ ፈቃዱን ግን ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ለባለቤትሽም ንገሪው። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከባድ ጫና ካልሆነበት በቀር የሃይማኖት በዓልሽን ማስተናገድ አለበት፤ በጽሑፍ አድርጊውና «ኦርቶዶክስ ክሪስማስ፣ ጃንዋሪ 7» ብለሽ ግልጽ አድርጊው። ለትምህርት ቤቱም እንዲሁ አስቀድመሽ ደብዳቤ ላኪ።