የማያ ሀብት ፍለጋ እንጀራ ይሆናል?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነህ፤ የጠፋ የማያ ሀብት ስለሚያድኑ ሰዎች የተጻፈ የጀብዱ ልብ ወለድ አንብበህ «ይህን ሥራዬ ላድርገው? ምን ልማር?» ብለሃል።

ከወርቁ እንጀምር። በዛሬው ሜክሲኮ፣ ጓቲማላና አካባቢው የኖረው ጥንታዊ ሕዝብ፣ ማያዎች፣ በገናናነታቸው ዘመን ወርቅ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። የሚሳሱለት በጓቲማላ ሞታጓ ሸለቆ ለሚገኘው አረንጓዴ ድንጋይ፣ ለጄድ ነበር። በሜክሲኮ ያለችው የማያ ከተማ የፓሌንኬ ንጉሥ ፓካልም የተቀበረው በጄድ ጭምብል ነው። መቃብሩን ያገኘው አርኪዮሎጂስት አልቤርቶ ሩዝ ምስጢራዊ ካርታ አልነበረውም፤ ከቤተ መቅደሱ ወለል አንዱ ንጣፍ ላይ በድንጋይ የተወተፉ ቀዳዳዎች አይቶ «ለምን?» አለ እንጂ። ከሥሩ ያለው ደረጃ በፍርስራሽ ተደፍኖ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1952 መቃብሩ ጋ እስኪደርስ አራት የቁፋሮ ወቅት ፈጀ። ልብ ወለድ የሚዘለው ይህንን ነው። ያገኙትን ይዞ መሄድማ ሌብነት ነው፤ በሜክሲኮ የ1972 ሕግ ከስፔኖች በፊት የነበረ ቅርስ ሁሉ የአገር ንብረት ነው።

የአርኪዮሎጂስት የዕለት ሥራ እንዲህ ነው። 2 በ2 ሜትር በሲባጎ ትከልላለህ፣ 10 ሳንቲ ሜትር እያልክ ትወርዳለህ፣ የአፈሩ ቀለም ሲቀየር ቆመህ ትመዘግባለህ። የወጣው አፈር በ6 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። ግድግዳውን በቱንቢ ካልጠበቀ የላይኛው አፈር ተንዶ ከታችኛው ጋር ይቀላቀልና ዕድሜው ይምታታል። በእስክሪብቶ የጻፈው መለያ ደግሞ በጫካው እርጥበት ይለቅቃል፤ ከየት እንደወጣ ያልታወቀ የሸክላ ስባሪ ከጠጠር አይሻልም። በእርሳስ ጻፍ፤ አንዱን መለያ ከረጢቱ ውስጥ፣ ሌላውን ውጭ አድርግ።

ስፓኒሽ ዛሬውኑ ጀምር፤ በሜክሲኮና በጓቲማላ ከሠራተኞቹ ጋር የምትግባባውም፣ ለመንግሥት የሚገባው ሪፖርትም በእሱ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂ አለልህ። እጅህን እዚሁ ፍታ፤ ቱንቢው አክሱምም፣ በጓቲማላ ባለችው የማያ ከተማ ቲካልም ያው ነው። ጎን ለጎን ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ተማር። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው የሊዳር (ከአውሮፕላን በሌዘር መሬቱን የመለካት) ቅኝት በጓቲማላ ጫካ ሥር ከ60,000 በላይ የሕንፃ ቅሪቶች አሳይቷል፤ ስለዚህ ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለጋል።

የውጭ የመስክ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ተማሪውን ያስከፍላሉ። ከመክፈልህ በፊት የአገሩ መንግሥት የሰጠውን የቁፋሮ ፈቃድ አሳዩኝ በል። ካንገራገሩ ገንዘብህን ያዝ።