ጀርባውን ገልብጡት፦ ስለ አሜሪካ ስካውቶች ጃምቦሪ መታሰቢያ ዕቃዎች የጠየቃችሁን

ጃምቦሪ ስካውቶች ከመላ አገሪቱ ተሰባስበው ድንኳን ተክለው የሚሰነብቱበት ትልቅ ዝግጅት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ያርድ ሴል ላይ «1935» የሚል የጃምቦሪ ባጅ (ልብስ ላይ የሚሰፋ የጥልፍ ምልክት) ገዛሁ። በኋላ ሳጣራ ግን የመጀመሪያው ብሔራዊ ጃምቦሪ የተካሄደው በ1937 ነው አሉኝ። ተሸወድኩ ማለት ነው?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

በዓመቱ አልተሸወዱም። የአሜሪካ ቦይ ስካውት የተመሠረተው በፌብሩዋሪ 1910 ነው። 25ኛ ዓመቱን በኦገስት 1935 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ሊያከብር ሽርጉዱ ካለቀ በኋላ በአካባቢው ፖሊዮ ገባና ዝግጅቱ ተሰረዘ። ባጁ ግን ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ስለዚህ ያልተካሄደ ጃምቦሪ እውነተኛ ባጅ አለ። ጃምቦሪው የተካሄደው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከጁን 30 እስከ ጁላይ 9 ቀን 1937 ሲሆን፣ ከ25 ሺህ በላይ ስካውቶች በዋሽንግተን ሐውልት ዙሪያና በታይዳል ቤዚን ዳርቻ ሰፈሩ።

ችግሩ የሁለቱም ዓመታት ባጆች አስመስለው የተሠሩ ብዙ መንታዎች ስላሏቸው ነው። ፊቱን አይተው አይፍረዱ፤ አስመሳዩ የሚደክመው ለፊቱ ነውና። ገልብጡት። የዚያ ዘመን ባጅ የተጠለፈው በፌልት ላይ ነው፤ ፌልት ደግሞ ሱፍ ተጠቅጥቆ የሚሠራ እንጂ የሚሸመን ጨርቅ አይደለም። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲያዩት ድርና ማግ ከታየዎት ነገሩ አበቃ፤ አስመሳይ ነው። ጀርባው ላይ የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ሽፋን ካለም እንደዚሁ፣ እሱ የ1970ዎቹና ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ነው። ዙሪያውን እንደ ቀጭን ገመድ ያበጠ ዝምዝማት ካለውና ጀርባው ላይ የዝምዝማቱ ጭራ፣ ማለትም የተረፈችው አጭር ክር፣ በሙጫ ተለጥፋ ካገኟት፣ ያ ጠርዝ በጃምቦሪ ባጆች ላይ የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልመው 365 ናኖሜትር የሚል የአልትራቫዮሌት ባትሪ ያብሩበት። ነጩ ክር ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ካለ፣ ነጭ የሚያደምቅ ኬሚካል አለበት ማለት ነው። ኬሚካሉ የተስፋፋው ከዚያው ጦርነት በኋላ ነው። ግን ይጠንቀቁ፤ እውነተኛውን ባጅም ባለቤቱ በዘመናችን ኦሞ አጥቦት ከሆነ ያበራል። ልዩነቱ የታጠበው ፌልቱም ክሩም አንድ ላይ፣ ደብዘዝ ብሎ ማብራቱ ነው። ክሩ ብቻውን ከደመቀና ፌልቱ ጨለማ ከሆነ ክሩ አዲስ ነው።

አንድ ሻጭ የ1969ኙን ጃምቦሪ ባጅ «ጨረቃ ደርሶ የመጣ» ብሎ አስወድዶ አቀረበልኝ። እውነት ሊሆን ይችላል?
ከዳላስ

የታሪኩ መነሻ እውነት ነው። ያ ጃምቦሪ በአይዳሆ ፋራገት ፓርክ ከ34 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ሲካሄድ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ እየበረረ ነበር፤ የቀድሞ ስካውቱ ኒል አርምስትሮንግም ከመንኮራኩሩ ሆኖ ለስካውቶቹ ሰላምታ አስተላልፏል። የተላለፈው ግን ድምፅ ነው። ከባጁ ጋር የባለቤትነቱን ሰንሰለት ከጠፈርተኛ እስከ ሻጩ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ፣ የሚከፍሉት የአንድ ተራ የ1969 ባጅ ዋጋ ነው።

የ1950 ስካውቶች ቴምብር ያለበት ፖስታ አለኝ። ቴምብሩን በውኃ አላቅቄ አልበሜ ውስጥ ላስገባው?
ከፍራንክፈርት

እባክዎ አያላቅቁት! ባለ 3 ሳንቲሙ ቡናማ ቴምብር ጁን 30 ቀን 1950 ቫሊ ፎርጅ፣ ፔንስልቬንያ ላይ በጃምቦሪው ወቅት ወጣ። የታተመው ከ131 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ ብቻውን ሲቀር የትም የሚገኝ ነው። ዋጋው ያለው በፖስታውና በማኅተሙ ላይ ነው። «የመጀመሪያ ቀን» የሚል ማኅተም ያላቸው ፖስታዎች ለሰብሳቢ ተብለው በገፍ ስለተዘጋጁ ብዙ አይደንቁም። እኛ የምንመርጠው አንድ ልጅ ከካምፑ ለቤተሰቡ የላከውን፣ አድራሻው በእጅ የተጻፈ፣ ማኅተሙ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የተመታ፣ ደብዳቤውም ውስጡ ያለ ፖስታ ነው። ደብዳቤውን ዘርግተው ለብቻው ያስቀምጡት፤ እጥፋቱ ላይ የሚሰነጠቀው ደጋግመው ሲከፍቱት ነው። የተቀደደውን በስኮች አይጠግኑ፤ ሙጫው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል።

ልጄ ለጃምቦሪ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ይሄዳል። ለመለዋወጫ ብለው ብዙ የትከሻ ባጅ ሰጡት። እንዳይሸውዱብኝ ሰጋሁ።
ከአትላንታ

ብሔራዊ ጃምቦሪ ከ1981 እስከ 2010 ስምንት ጊዜ ፎርት ኤ.ፒ. ሂል፣ ቨርጂኒያ ላይ ተደርጎ ከ2013 ወዲህ ወደ ሰሚት ቤክቴል ካምፕ ዞሯል። ቦታው ቢለወጥም ገበያው ያው ነው፤ መሬት ላይ ፎጣ ይነጠፋል፣ ባጅ ይደረደራል፣ ድርድር ይጀመራል።

ከመሄዱ በፊት ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት ቤት ያስቀሩ። ይህን ካላደረጉ ሲመለስ የራሱ ካውንስል (የአካባቢው የስካውቶች ጽሕፈት ቤት) ባጅ ብቻ ይጎድለዋል፤ በየጃምቦሪው የሚደጋገም ጸጸት ነው። ለዕለቱ ከ20 እስከ 30 ባጅ ዚፕ ባለው ማኅደር ይያዝ፤ ሙሉውን ክምችት ይዞ መዞር ለዝናብም ለሌባም ያጋልጣል። አንድ ለአንድ መለዋወጥ የተለመደው ነው፤ «ለዚህ ስብስብ አምስት ስጠኝ» የሚል ከመጣ ቢያንስ አንድ ሌሊት አስቦበት ይመለስ። በገንዘብ መግዛትና መሸጥ በልጆቹ ዘንድ ነውር ነው። ልጅ ከልጅ፣ አዋቂ ከአዋቂ ጋር ብቻ ይለዋወጣል፤ አንድ አዋቂ ሰብሳቢ ወደ ልጅዎ ፎጣ መጥቶ መደራደር ከጀመረ ልጁ መሪውን ይጥራ።

በቅርብ ዓመታት ጃምቦሪዎች አንድ ቡድን ብዙውን ጊዜ 36 ልጆችና 4 መሪዎች ናቸው። አንድ ቡድን ብቻ የላከ ትንሽ ካውንስል ባጁን በጥቂቱ ነው የሚያሠራው። ስለዚህ ካርቱን የበዛበትን አንጸባራቂ ባጅ ከማሳደድ ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ካውንስል ቢይዝ ይሻለዋል።

ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝን የድሮ ፌልት ባጅ ብል ጀምሮታል። ናፍታሊን ልጨምርበት?
ከአዲስ አበባ

ናፍታሊኑ ይቅር፤ ሽታው ከሱፉ አይወጣም፣ አንዳንድ ፕላስቲክም ያላላል። ባጁን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለው በዚፕ ከረጢት ያስገቡና አየሩን አስወጥተው ይዝጉት። ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ለሁለት ሳምንት ይተዉት። መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ይጀምሩ፤ ዕንቁላሉ የሚሞተው ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ሲቆይ ነው። ሲያወጡት ከረጢቱን ወዲያው አይክፈቱ፤ 24 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፣ ያለበለዚያ ጤዛው ፌልቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ደጅ ወጥተው በለስላሳ ብሩሽ በጥልፉ አቅጣጫ ያራግፉት። አይጠቡት፤ የድሮ ቀይ ክር ቀለሙን ይለቅና ነጩን ያበላሻል። ማስቀመጫው ፖሊፕሮፒሊን የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን፤ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸት ፕላስቲክ ፒቪሲ ነውና አይግዙት፣ ከጊዜ በኋላ ይጣበቅበታል።