ለሠራተኛ ህክምና የሚወጣ ገንዘብና ግብር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ዘጠኝ ሠራተኞች ያሉት የቤትና የቢሮ ዕቃ ማምረቻ አለን። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ሠራተኞቻችንን ማሳከም እንፈልጋለን። አንዱ ባለድርሻ «በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር የህክምና አበል ደመወዛቸው ላይ እንጨምር» ሲል ሌላው «ኢንሹራንስ እንግባ» ይላል። ከግብር አንጻር የቱ ያዋጣል?

መልስ፦ አበሉን ይተዉት። ደመወዝ ላይ ተጨምሮ በየወሩ በእጅ የሚሰጥ የህክምና አበል እንደ ደመወዝ ግብር ይቆረጥበታል። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 65 ከግብር ነፃ ያደረገው አሠሪው ለሠራተኛው ህክምና የከፈለውን ትክክለኛ ወጪ ነው። ሠራተኛው መታከሙና ምን ያህል እንደተከፈለ በደረሰኝ መታየት አለበት ማለት ነው። በየወሩ እኩል የሚታደል አንድ ሺህ ብር ታመመም አልታመመም ስለሚከፈል ይህን አያሟላም።

በቁጥር እንየው። ወርኃዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በ2017 በተሻሻለው ማስከፈያ (አዋጅ ቁጥር 1395/2017) ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ባለው የ30 በመቶ እርከን ውስጥ ነው። ግብሩ 12,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ የእርከኑ ቋሚ ተቀናሽ 1,350 ሲቀነስለት 2,250 ብር ይሆናል። አንድ ሺህ ብር አበል ሲጨመርለት 2,550 ይደርሳል። ከአንድ ሺሁ እጁ የሚገባው 700 ነው። ያንኑ አንድ ሺህ ብር ድርጅቱ ለሆስፒታሉ ቢከፍልለት ግን ሙሉው ለህክምናው ይውላል።

በድርጅቱ በኩል ልዩነት የለም። ደመወዝም ሆነ የህክምና ወጪ በአግባቡ ከተመዘገበ ተቀናሽ ነው፤ ማለትም ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ ይነሳል። የማኅበሩ የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ ካወጡት 100 ብር 30 ብሩ ከግብርዎ ይቀንሳል፤ 70 ብሩ ግን የራሳችሁ ነው። «ለህክምና ያወጣነውን መንግሥት ይመልስልናል» ብሎ የሚያቅድ ባለድርሻ ካለ ይህን ቀድማችሁ አስረዱት። ዓመቱ በኪሳራ ከተዘጋ ደግሞ ዘንድሮ የሚቀንስ ግብር የለም።

ለዘጠኝ ሰው የምንመክረው ተመላላሽ ህክምናን በዱቤ ውል፣ ተኝቶ መታከምንና ቀዶ ጥገናን በመድን መሸፈን ነው። የዱቤ ውሉ ሐዋሳ ካለ አንድ ሆስፒታል ወይም ከፍ ያለ ክሊኒክ ጋር ይፈረማል። የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ከነፎቶ ይሰጣሉ። የታመመው ሰው ማኅተም ያለበት መላኪያ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። ሆስፒታሉ በወሩ መጨረሻ በድርጅቱ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ የታካሚዎቹን ስምና የእያንዳንዱን ሒሳብ የያዘ ዝርዝርም ያያይዛል። የበሽታው ዓይነት መጻፍ የለበትም፤ ያ የሠራተኛው ምስጢር ነው። ክፍያው በባንክ ይሁን።

አሠራሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታ ነው። ሠራተኛው በራሱ ስም ከመድኃኒት ቤት ያመጣው ደረሰኝ ብቻውን ሲቀመጥ ኦዲተር «የድርጅቱ ወጪ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» ይላል። የሐኪሙን የመድኃኒት ማዘዣ ቅጂ፣ መላኪያ ደብዳቤውንና ሠራተኛው የፈረመበትን የወጪ ማዘዣ አንድ ላይ ይያዟቸው። ሁለተኛው መላኪያ ደብዳቤው ለልጅ ወይም ለትዳር ጓደኛ ሲውል ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሠራተኛው ህክምና ነው። ለቤተሰቡ የከፈሉትን በዚያ ወር የደመወዝ መክፈያ ላይ ገቢው ውስጥ ደምረው ግብሩን ይቁረጡ። ወይም ገንዘቡን ይመልስ፤ ከደመወዙ ከሆነ በጽሑፍ መስማማት አለበት፣ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። እነዚህን ሁሉ፣ ለአንድ ሠራተኛ በዓመት የሚከፈለውን ጣሪያ ጨምሮ፣ በአጭር የውስጥ መመሪያ ጽፈው ሠራተኞቹን ያስፈርሙ።

ወደ መድኑ ስንመጣ፣ አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ ሰው ሳይታመም አስቀድሞ የሚከፈል ነው፤ አንቀጽ 65 ደግሞ የሚናገረው ስለ ህክምና ወጪ ነው። ስለዚህ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት አረቦኑ በሠራተኛው ላይ እንዴት እንደሚታይ ከምትገለገሉበት የገቢዎች ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የቃል መልስ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ኦዲተር ማስረጃ አይሆንም። ከመድን ድርጅቱ ጋር ስትነጋገሩም የእያንዳንዱን ሰው የዓመት ጣሪያ፣ ቀድሞ የነበረ ሕመምና ወሊድ መሸፈናቸውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐዋሳ ውስጥ በመድን ካርድ የሚያክም ሆስፒታል መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ሠራተኛው ከኪሱ ከፍሎ ገንዘቡ እስኪመለስለት ይጠብቃል። በ12,000 ብር ደመወዝ የሚኖር ሰው ይህን አይችለውም።

ጥያቄ፦ የድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካለፈው መጋቢት 1 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የቡድን የህክምና መድን በ60,000 ብር ገባን። ሙሉውን በዚህ ዓመት ወጪ ልይዘው? ደግሞ አንድ ሠራተኛ 18,000 ብር ታክሞ እኛ ከፈልን፤ መድኑ 14,000 መለሰልን።

መልስ፦ ሙሉውን አይያዙ። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ የዚህ ዓመት ድርሻ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያሉት አራት ወራት ናቸው፤ 20,000 ብር ነው። ቀሪው 40,000 ቅድመ ክፍያ ተብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ሙሉውን ዘንድሮ ከቀነሱ በኦዲት 40,000ው ወደ ትርፍ ተመልሶ ግብርና ወለድ ይመጣበታል፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል።

ከ18,000ው ውስጥ ተቀናሽ የሚሆነው 4,000 ብር ብቻ ነው። በመድን የተመለሰ ወይም ሊመለስ የሚችል ወጪ ተቀናሽ አይደለም። «ሊመለስ የሚችል» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ጥያቄውን ለመድን ድርጅቱ ሳያቀርቡ ቢቀሩም ወጪው ውድቅ ይሆናል። ስለዚህ የይገባኛል ጥያቄ ማቅረቢያው ቀነ ገደብ እንዳያልፍብዎ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር በራሴ ስም የንግድ ፈቃድ ያወጣሁበት ምግብ ቤት አለኝ። ከአራት ሠራተኞቼ ጋር እኔና ባለቤቴ ብንካተት ወጪው ይያዝልኛል?

መልስ፦ የሠራተኞችዎ ይያዛል፤ የእርስዎ አይያዝም። የግለሰብ ነጋዴ የራሱ ሠራተኛ ስላልሆነ ለራሱ ህክምና ያወጣው የግል ወጪ ነው። ባለቤትዎ በእርግጥ ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ደመወዛቸው በመክፈያ ላይ ያለና ግብርና ጡረታ የሚቆረጥላቸው ከሆነ ግን እንደ ሌላው ሠራተኛ ይታያሉ። መድን ድርጅቱ የእርስዎን አረቦን በተለየ ደረሰኝ እንዲቆርጥ ይጠይቁ። ግብርዎ ያለ ሒሳብ መዝገብ በሽያጭዎ ላይ በቁርጥ የሚሰላ ከሆነ ግን ምንም ወጪ ስለማይቀነስ የሚያገኙት የግብር ጥቅም የለም።

ጥያቄ፦ የእንጨት መሰንጠቂያ ላይ ጣቱ የተጎዳ ሠራተኛ አለን። የህክምና መድናችን «ይህ አይመለከተኝም» አለን። አሁን ማን ይክፈል?

መልስ፦ እናንተ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የህክምና፣ የቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ የአሠሪው ግዴታ ነው። የጤና መድን ፖሊሲዎች ብዙውን ጊዜ የሥራ ጉዳትን አይሸፍኑም፤ ለእሱ የሠራተኞች የጉዳት ካሳ መድን ተብሎ ለብቻው ይገባል። የአሁኑ ወጪ ለሠራተኛው ህክምና የተከፈለ ስለሆነ ተቀናሽ ነው፤ በሠራተኛው ላይም ግብር አያስከትልም። ጉዳቱን የሚገልጽ ቃለ ጉባኤና የሆስፒታሉን ደረሰኝ አብራችሁ አስቀምጡ። መሰንጠቂያው መከለያ እስኪገጠምለት ድረስም አታንቀሳቅሱት።