«ተመስገን» ማለት የከበዳት እናት

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት እናት ነኝ። የ19 ዓመት ወንድ ልጃችን ታሞ ካረፈ ስምንት ወር ሆነ። ባለቤቴ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» እያለ አንድም ቀን በፊታችን አላለቀሰም። ልብሱን ለነዳያን ሰጠ፤ ፎቶውን ከግድግዳ አወረደ። በየሌሊቱ ኪዳን ያደርሳል፤ ሲመለስ ግቢያችን ውስጥ ባለው ቧንቧ ፊቱን ታጥቦ ይገባል። እኔ ሳለቅስ «በፈጣሪ ላይ ታጉረመርሚያለሽ» ይለኛል። ከአርባው ወዲህ ቅዳሴ ገብቼ አላውቅም፤ «ተመስገን» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። የ12 ዓመቷ ልጄ የወንድሟን ሹራብ ፍራሿ ሥር ደብቃ አገኘሁባት። እምነቴን አጣሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እምነትዎን አላጡም። እምነቱ የጠፋበት ሰው ማመስገን አቃተኝ ብሎ አይጨነቅም።

ባለቤትዎ የሚጠቅሱት ቃል በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 1 ላይ ይገኛል። ነገር ግን ያው ኢዮብ በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ከዚያም ከፈጣሪው ጋር እስኪበቃው ተሟግቷል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ ሐዘኑን በክርክር ሊያስጥሉት በሞከሩት ወዳጆቹ ላይ ነው። ወዳጆቹ እንደመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ በዝምታ ተቀምጠው ነበር፤ ምነው በዚያው በጸኑ! ለቅሶ ቤት ገብተን «አታልቅሺ፣ ኃጢአት ነው» የምንል ሁሉ ይህን ደጋግመን ብናነበው እወዳለሁ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ደግሞ አልዓዛር በሞተ ጊዜ ማርታ ጌታን ልትቀበል ወጣች፤ ማርያም ቤት ቀረች። ሁለቱም ያሉት ግን አንድ ነው፤ አንተ እዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ ነበር። ከማርታ ጋር ስለ ትንሣኤ ተነጋገረ፤ ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ ግን እርሱም እንባውን አፈሰሰ። ቤት በመቅረቷ አልገሠጻትም። በእናንተ ቤት የወጡት ባለቤትዎ ናቸው፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ ቧንቧው ልመለስ፤ በአንድ መስመር ጠቅሰው ያለፉት ነገር ነውና። ከኪዳን የተመለሰ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ፊቱን የሚታጠበው ለምን ይመስልዎታል? የባለቤትዎን ልብ ገብቼ አላየሁም። ልጅ የሞተባቸው ብዙ አባቶች ግን የሚያለቅሱት ከቤት ውጭ ነው። እኔ ከተንበረከክሁ ቤቱ ይፈርሳል ብለው ያምናሉ።

ማርግሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት፣ ሐዘንተኛ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ሟቹና ወደ ናፍቆቱ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ኑሮው ይመላለሳል፤ ይህ መመላለስ ጤናማ ነው። እናንተ ግን ሥራውን ተከፋፍላችሁታል፤ እንባው ለእርስዎ፣ መጽናቱ ለባለቤትዎ ደረሰ። ሁለታችሁም ያልደረሳችሁ ግማሽ ያስፈልጋችኋል።

አንድ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ያነጋግሯቸው። «ጨካኝ ነህ» በሚል አይጀምሩ። «ልጃችን የሚናፍቀኝ ለእኔ ብቻ እየመሰለኝ ነው፤ አንተን ምኑ ይናፍቅሃል?» ይበሉና ዝም ብለው ይጠብቁ። መልሱ ያን ዕለት ላይመጣ ይችላል። የንስሐ አባታችሁንም ያማክሩ፤ «ተመስገን ማለት አቃተኝ» የሚለውን ሳያስተካክሉ፣ ለእኔ እንደጻፉት ይንገሯቸው። ባለቤትዎ ከእኔ ይልቅ የእርሳቸውን ቃል እንደሚሰሙ እገምታለሁ።

ስለ ምስጋናው ደግሞ፣ ስለ ልጅዎ ሞት እንዲያመሰግኑ ራስዎን አያስገድዱ። ምስጋና ሲመጣ ስለ 19ኙ ዓመታት ይምጣ፤ ስለ ሳቁ፣ ስለ ጠባዩ፣ «እማዬ» ብሎ ስለ መጥራቱ። ያኔ እያለቀሱ ቢሆን ምንም አይደለም። ቅዳሴ ከከበደዎት ሕዝብ በማይበዛበት ቀን ሄደው ዐጸዱ ውስጥ ጥቂት ተቀምጠው ይመለሱ። ምንም ሳይናገሩ መቀመጥም ጸሎት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ የምታሳስበኝ ልጅቷ ናት። ሐዘን የሚደበቅ ነገር መሆኑን ተምራለች። ሹራቡን አይውሰዱባት፤ አብረዋት ይቀመጡና ስለ ወንድሟ ያውሩላት፣ ፊቷም ላይ ያልቅሱ። ለሙት ዓመቱ አራት ወር ቀርቷል። የሚሰቀለውን ፎቶ እርሷ እንድትመርጥ ያድርጉ፤ ሚስማሩን አባቷ ይምቱላት።

ስምንት ወር ማልቀስ በራሱ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ምግብና እንቅልፍ ፈጽሞ ከራቁዎት፣ የዕለት ሥራዎን መሥራት ካቃተዎት፣ ወይም «ምነው እኔም በሞትሁ» የሚል ሐሳብ ከተመላለሰብዎት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። ጸበል ከጀመሩም አያቋርጡት፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።