ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ ለምትቀመጡ፣ በመካከላቸውም ለምትሠሩ

ውድ ወጣቶች፣

ስለ ፕሬዚዳንትና ስለ ምክትሉ ስታነብቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገራችሁ ስለ መዋደዳቸው ወይም ስለ መኳረፋቸው ነው። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ አሠራራቸው ነው። ሮናልድ ሬገንና ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) በ1980 ለእጩነት አንገት ለአንገት የተናነቁ ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ ሆኖም ሬገን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ቡሽ ምክትል ሆነው ስምንት ዓመት ሙሉ አብረው ሠርተዋል። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በአክብሮት ለምክትልነት የመረጧቸው ኔልሰን ሮክፌለር ግን አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ከቀጣዩ ምርጫ ውጭ ሆኑ። ልዩነቱ የጠባይ ብቻ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አስቀድማችሁ የቦታውን ተፈጥሮ እወቁ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለምክትል ፕሬዚዳንቱ የሰጠው ቋሚ ሥራ ሴኔቱን መምራትና ድምፁ እኩል ሲከፈል መለየት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የውሰት ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሲሰጠው አለ፣ ሲነሳው የለም። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትሩን በአንድ ደብዳቤ ማሰናበት ሲችል ምክትሉን ማሰናበት አይችልም። በኬንያም እንዲሁ ነው፤ ሪጋቲ ጋቻጉዋ በኦክቶበር 2024 ከምክትል ፕሬዚዳንትነት የተነሱት በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ሳይሆን በብሔራዊ ምክር ቤቱ 281 ድምፅና በሴኔቱ ውሳኔ ነው። እንግዲህ አንዱ ሥልጣኑ በሌላው እጅ ነው፣ ሌላው ደግሞ ቢከፋውም ሊያባርረው አይችልም። እንዲህ የተሳሰሩ ሁለት ሰዎች ያልተነጋገሩበት ነገር ካለ ቆይቶ መፈንዳቱ አይቀርም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ቅጠሉ አንድ ማስታወሻ ነው። ለምክትልነት የተመረጡት ዋልተር ሞንዴል በዲሴምበር 1976፣ ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ፣ ለተመራጩ ፕሬዚዳንት ለጂሚ ካርተር አሥራ አንድ ገጽ ጽፈው ሰጡ። ከመጻፋቸው በፊት ከእርሳቸው ቀደም ብለው በቦታው የነበሩትን ሰዎች ጠይቀው ምን እንዳቃጠላቸው አጥንተው ነበር። በዘርፉ የምትሠሩ ሁሉ ያንን ማስታወሻ ብታጠኑት እመኛለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ምክትሎች ሁሉ ከእርሱ የተረፈውን እየበሉ ነውና። የጠየቁት ማዕረግ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ የሚያነብበውን የደኅንነት ሪፖርት ማንበብ፣ በዋና ዋና ስብሰባዎች መገኘት፣ በየሳምንቱ ለብቻ መገናኘት፣ ከፕሬዚዳንቱ ሠራተኞች ጋር ያለ አጥር መሥራት፤ ይኸው ነበር። ቢሯቸውም መንገድ ተሻግሮ ካለው ሕንፃ ወጥቶ ወደ ዌስት ዊንግ (የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ወዳለበት የኋይት ሐውስ ክንፍ)፣ ከፕሬዚዳንቱ ክፍል ጥቂት እርምጃ ወደሚርቅ ቦታ ገባ። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ርቀት በሜትር ይለካል። ፕሬዚዳንቱ በስብሰባዎች መካከል ባለችው አምስት ደቂቃ ሐሳብ የሚጠይቀው በኮሪደሩ ያገኘውን ሰው ነው።

በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ነጥብ አለ፦ ሞንዴል ቋሚ የአስተዳደር ዘርፍ አልፈልግም ብለው ነበር። እንግዳ ይመስላል፤ ሰው ሥራ ሲሰጠው የተከበረ ይመስለዋልና። ግን አንድ ምክትል የትምህርትን ወይም የኢነርጂን ጉዳይ በቋሚነት ቢይዝ በማግስቱ ከዚያ ሚኒስትር ጋር የድንበር ጠብ ይጀምራል፤ ጊዜውንም ያ ዘርፍ ይበላዋል፤ በሌላው ጉዳይ ሁሉ ሲናገር ለዘርፉ የሚሟገት ተደርጎ ይቆጠራል። የሮክፌለርም ችግር ከዚሁ አይርቅም። የአገር ውስጥ ፖሊሲን እንዲመሩ ቃል ተገባላቸው፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ግን ማንኛውም ሐሳብ በእነርሱ በኩል ካላለፈ አይሆንም አሉ። ፕሬዚዳንቱ ቃሉን የሰጡት ለምክትላቸው ነበር፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ለሠራተኞቻቸው ግን በግልጽ አላስቀመጡም። ስለዚህ ለምክትሉ ሥራ ሲሰጥ መነሻና መድረሻ ቀን፣ የሚመደብ ሰው፣ ውሳኔው የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ገጹም ለሁለቱም ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ይድረስ።

ሳምንታዊው ገበታ የግንኙነቱ ሁሉ እምብርት ነው። ካርተርና ሞንዴል ሰኞ፣ ሬገንና ቡሽ ሐሙስ ምሳ ይበሉ ነበር። ቀኑ አይደለም ቁም ነገሩ፤ አለመሰረዙ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ይቀመጥ፤ ጸሐፊ አይግባ፤ ቃለ ጉባኤ አይያዝ። ምክትሉ ሦስት ወይም አራት ጉዳይ በትንሽ ወረቀት ይዞ ይግባ፤ የሚከብደውን በመጀመሪያ ያንሳ፤ ለመጨረሻ ካቆየው ስልክ ይጮህና ሳይነገር ይቀራል። ፕሬዚዳንቱ ጉዞ ላይ ከሆነ በዚያው ሳምንት በስልክ ይተካ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከታለፈ የጊዜ ሰሌዳ ያዡ እንደ አደጋ ምልክት ይቁጠረው። ከዚያ ክፍል ሲወጣ ደግሞ ምክትሉ ለገዛ አማካሪዎቹም ቢሆን "እንዲህ አልሁት፣ እንዲህ አለኝ" አይበል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ጋዜጣ ላይ የወጣች ዕለት ፕሬዚዳንቱ በሚቀጥለው ምሳ ላይ የሚያወራው ስለ አየሩ ሁኔታ ነው።

ቡሽ በትልቅ ስብሰባ ላይ ብዙም አይናገሩም ነበር፤ ምክራቸውን ለሐሙስ ያስቀምጡት ነበር። ይህን እንደ ፍርሃት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ስልት አላውቅም። ምክትሉ በሃያ ሰው ፊት ተቃውሞ ፕሬዚዳንቱ ሌላውን ቢመርጥ፣ ሃያውም ሰው "ምክትሉ ተሸነፈ" ብሎ ይወጣል። የተለየ መንገድ የሚኖረው ፕሬዚዳንቱ ራሱ በአደባባይ ተሟገት ሲለው ነው። በ2009 ስለ አፍጋኒስታን በተደረገው ረጅም ግምገማ የፕሬዚዳንት ኦባማ ምክትል የነበሩት ጆ ባይደን የጦር ኃይሉን በብዛት መጨመሩን ተቃወሙ፤ ኦባማም ጄኔራሎቹ አጥብቀው እንዲጠየቁ ይህን ክርክር ይፈልጉት ነበር። በዲሴምበር 1 ኦባማ 30,000 ተጨማሪ ወታደር እንደሚላክ ሲያስታውቁ ባይደን ውሳኔውን ይዘው ወጡ። ክርክሩ ውስጥ፣ ውሳኔው ደጅ ነው። ውሳኔውን በፍጹም መሸከም ያልቻለ ምክትል ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆን ካልሁን በ1832 መጨረሻ ከፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ጋር ሲለያዩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

የፕሬዚዳንቱም ግዴታ አለ። በኦገስት 1960 ጋዜጠኞች አይዘንሃወርን፣ ምክትላቸው ኒክሰን ካቀረቡት ሐሳብ በሥራ ላይ የዋለ አንድ ዐቢይ ጉዳይ እንዲጠቅሱ ሲጠይቋቸው፣ አንድ ሳምንት ብትሰጡኝ ምናልባት ይታወሰኝ ይሆናል አሉ። ኒክሰን በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ ነበር፤ ተቀናቃኛቸው ንግግሩን የምርጫ ማስታወቂያ አደረገው። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ዝግጅት ግን አልነበረበትም። የፕሬዚዳንቱ ቃል አቀባይ የምክትሉን ሁለት ሦስት የተጨበጠ ሥራ ሁልጊዜ ጽፎ ይያዝ፤ ጥያቄው አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርምና።

አሁን ለብዙዎቻችሁ ልናገር። ከእናንተ መካከል ፕሬዚዳንት ወይም ምክትል የሚሆነው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችሁ የንግግር ጸሐፊ፣ የቀጠሮ ያዥ፣ የፕሮቶኮል ሠራተኛ ትሆናላችሁ። ግንኙነቱ በአብዛኛው የሚበላሸው በእናንተ ዴስክ ላይ ነው። የምክትሉ ንግግር ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሳይታይ ይሄዳል፤ የፕሬዚዳንቱ ጉብኝት ምክትሉ ካስያዘው ዝግጅት ጋር በአንድ ሰዓት ይገጥማል፤ የስብሰባ ጥሪ ዝርዝር ላይ ስሙ ይረሳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምክትሉ ስለ ስብሰባው ከጋዜጠኛ ሲሰማ ረሱኝ አይልም፣ አገለሉኝ ነው የሚለው። ሁለቱ የቀጠሮ ያዦች በሳምንት አንድ ጊዜ የቀጣዩን ወር ሰሌዳ ጎን ለጎን ዘርግተው ይዩት። ንግግር ከመደረጉ ሁለት ቀን ቀድሞ ይለፍ። ካርተር ለሠራተኞቻቸው ከሞንዴል የሚመጣ ጥያቄ ከራሴ እንደመጣ ይቆጠር ብለው ነበር፤ እንዲህ ያለው ቃል በመጀመሪያው ሳምንት በፕሬዚዳንቱ አንደበት ካልተነገረ በኋላ በደብዳቤ አይተካም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እርሱም ሕመም ነው። ሃሪ ትሩማን ምክትል ሆነው የሠሩት 82 ቀን ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በኤፕሪል 12 ቀን 1945 ሲያርፉ ትሩማን ስለ አቶሚክ ቦምቡ ፕሮጀክት የተነገራቸው ነገር አልነበረም፤ ሙሉ ማብራሪያ ያገኙት ኤፕሪል 25 ነው። በጦርነት መካከል ያለ አገር ለዚያን ያህል ቀን ዕድሉን ፈተነ። ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ ፕሬዚዳንት ያር አዱዋ በኖቬምበር 2009 ለሕክምና ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሄዱ ሥልጣናቸውን ለምክትላቸው የሚያስተላልፍ ደብዳቤ ለምክር ቤቱ አልጻፉም፤ ደብዳቤ ስላልነበረ ምክትላቸው ጉድላክ ጆናታን ሥልጣን አልነበራቸውም። ምክር ቤቱ ተጠባባቂ ያደረጋቸው በፌብሩዋሪ 9 ቀን 2010 ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለአገርም ይሠራል። በኋላ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ደብዳቤው በ21 ቀን ካልመጣ ምክር ቤቱ ራሱ እንዲወስን ተደረገ።

በአሜሪካ በ1967 የጸደቀው 25ኛው ማሻሻያ ይህን ቀላል አድርጎታል። ፕሬዚዳንቱ ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት ሥልጣኑን ለምክትሉ የሚያስተላልፍ ሁለት ደብዳቤ ይፈርማል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ሌላው ለሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት። ሲነቃ ሁለት ሌላ ደብዳቤ ይፈርምና ሥልጣኑ ይመለሳል። በኖቬምበር 19 ቀን 2021 በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባይደን ለሕክምና ምርመራ ማደንዘዣ ሲሰጣቸው ምክትላቸው ካማላ ሃሪስ ለ85 ደቂቃ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ማንም አልደነገጠም። ስለዚህ የደብዳቤዎቹ ረቂቅ ገና በመጀመሪያው ወር ተዘጋጅቶ በሕግ አማካሪው እጅ ይቀመጥ። ፕሬዚዳንቱን የሚያክመው ሐኪም ለማን በቅድሚያ እንደሚደውል ይጻፍ። ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን አይሳፈሩ።

ምክትሉ በእነዚያ ሰዓታት እንዴት ይቀመጥ? ማርች 30 ቀን 1981 ሬገን በጥይት ሲመቱ ቡሽ ከቴክሳስ እየበረሩ ነበር። ሄሊኮፕተሩ በኋይት ሐውስ ግቢ እንዲያርፍ ሲነገራቸው እምቢ አሉ፤ እዚያ የሚያርፈው ፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው ብለው በመኖሪያቸው አርፈው በመኪና ሄዱ። ስብሰባውንም ከራሳቸው ወንበር ሆነው መሩ፤ የሬገን ወንበር ባዶ ነበር። እናንተም በተራችሁ ያ ቀን ቢደርስባችሁ ወንበሩን ባዶ ተዉት፤ ሹመትና ሽረት አትንኩ፤ የማይቆየውን ውሳኔ ብቻ ወስኑ፤ ምን እንደወሰናችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እያለ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉት። ፕሬዚዳንቱ ዓይኑን ሲገልጥ ወረቀቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ስጡት።