መልስ፦ የ6 ዓመት ልጄ ልብስ ሲለብስ ይጮኻል

እህቴ፣ ልጅሽ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን እየወረወረ እንደሚያለቅስ፣ የፍኖተ ሰላም ጎረቤቶችሽም «ሞልቃቃ ነው» እንደሚሉ ጽፈሻል። ለመፍረድ አይቸኩሉ። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ (እንደ መልበስና መብላት ያሉ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን ሰው ራሱ እንዲችል የሚያግዝ የጤና ባለሙያ) መጀመሪያ የሚያየው የጣቶቹን ጉልበት፣ አቀማመጡን፣ ጨርቁ ይኮሰኩሰው እንደሆነ ነው።

ከመቆለፉ የመጨረሻ እርምጃ ጀምሪ። ቁልፉን አንቺ በቀዳዳው እስከ ግማሽ አሳልፊው፤ እሱ ስቦ ያውጣው ብቻ። ይህን ሳይቸገር ሲሠራ ማስገባቱንም ለእሱ ተይለት። እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ በ«ቻልኩ» ይጨርሳል። በመጀመሪያ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይለማመድ፤ የአንገቱን ቁልፍ ማየት ስለማይችል እሱ የመጨረሻው ይሁን። ጠዋት ሰዓት እየረፈደ አታለማምጂው፤ ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማታ 5 ደቂቃ ይበቃል። ለጣት ጉልበት በቆሎ መፈልፈልና የዳቦ ሊጥ ማሸት ከተገዛ መጫወቻ አይተናነስም።

ንዴቱ ከገነፈለ በኋላ ምክር አይሰማም። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አጠገቡ ተቀመጪ፤ ወሬው እሱ ሲረጋጋ ይደርሳል። ቀድሞ የሚታይ ምልክት ግን አለ፦ ጥርስ መንከስ፣ ቡጢ መጨበጥ። ያኔ ሥራውን አቁሙና በሁለት እጁ ግድግዳ ይግፋ፣ ወይም 2 ሊትር ውሃ ተሸክሞ ያምጣልሽ። ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ብዙ ልጆችን ያረጋጋል፤ ሁሉንም አይደለም።

ይችለው የነበረውን ከተወ ወይም አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ለሐኪም አሳዪው።